መንገዱ ሲያልቅ

ከቁም ሣጥኑ አናት፣ ከቆርቆሮው ሻንጣ ጎን፣
ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት ቆመ፣ አንገቱ እንደታሸገ፣ ብቻውን።
አስካለ በየፋሲካው በእራፊ ትወለውለዋለች፤
«ይሄ ሰውዬ» ትላለች፣
«ሳይበላ ሳይጠጣ የከረመው ከቤቴ፣
እንግዳ ነው ወይስ አማቴ?»

የሰጠኝ ስኮትላንዳዊ ነው፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የለበሰ፣
የቦንጋን መንገድ በመነጽር ዳገት ቁልቁል የቀየሰ፤
እኔ ባለ ዘንጉ ነበርኩ፤ «ግራ! ቀኝ! ቁም!» ሲለኝ
ከጫካው ጫፍ የምቆም፣ ጉንዳን በእግሬ ሲወጣኝ።
ሊሄድ ሲል ውስኪውን ከመኪናው አውጥቶ ሰጠኝ፤
«መንገዱ ሲያልቅ ክፈተው» አለኝ።

አለቀ። ሪባኑም ተቆረጠ።
በሳምንቱ ወንዙ ሞላና ድልድዩን ዋጠ።
ድልድዩ ቆመ፤ አስፋልቱ ተላጠ።
አስፋልቱ ተለበደ፤ ተራራው ተንዶ ቁልቁል ፈረጠጠ።
ለኔም ጠርሙስ፣ እንደ ባለጉዳይ፣ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጠ።

ወሬው ግን ፈረንጅ አራዳን አዳርሶ፣
መካሪው በዛ፣ ከጠርሙሱ በፊት በምክር ሰክሮ ጨርሶ።
ዳይሬክተሩ፦ «በረዶ! ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ አያልፍም።»
ባለ መሰንጠቂያው ጋሽ ደምሰው፦ «አምቦ ካልፈላበት አይዋጥም።»
የአጂፕ ልጆች፦ «ኮካ ነው እንጂ!» አሉ።
(እነዚህ ዶሮ ወጥ ላይም ስኳር ይነሰንሳሉ።)
ስኮቱ ግን ድንኳን ውስጥ፣ ዝናብ እየጣለ፣
«ውሃ ጠብ አድርግበት፤ ተኝቷልና
ቀስቅሰው እንጂ አታስምጠው» ነበር ያለ።

ባለፈው ሐምሌ፣ መብራት ሄዶ ማታ፣
ሰማዩ ቆርቆሮው ላይ እንደ ገልባጭ መኪና ጠጠር ሲያራግፍ ያለ ፋታ፣
ሸሪፍ መጣ፣ ፋርማሲውን ዘግቶ፣
አዌቱ ከነጭቃው ጫማው ውስጥ ገብቶ።
«ሰማህ? መንገዱ ዛሬም ተቆረጠ» አለ።
ዝም አልኩ። ዝም አለ። ከዚያ ሣቃችን ገነፈለ።
ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ወጣሁና
ሰውዬውን አወረድኩት።

ሸሪፍ አይጠጣም፤ ዲኑም ጨጓራውም አይፈቅዱለትም፤
ለልኬት ሲሆን ግን እጁ አይንቀጠቀጥም።
ከኪሱ አዲስ ማንጠባጠቢያ፣ የዓይን መድኃኒት፣ አወጣ፤
ከአሸንዳው ሥር ካለው ባልዲ የዝናብ ውሃ ቀድቶ መጣ።
ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣
ብርጭቆዬ ላይ አጎንብሶ፣
«አንድ።
ሁለት።
ሦስት።
በቀን አንዴ፣ ከምግብ በኋላ።»

ውስጡ የቅባት ክር መሳይ ተፈታ፤
ሽታው ተነሥቶ ቤቱን ዞረ፣ ወንበር እንዳጣ እንግዳ፣ በዝግታ።
ሸሪፍ ከሩቅ ሳበው፤ ዓይኑን ጨፈነ፦
«አባቴ ነው፤ ጌራ፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ያጠነ፣
ጭሱን በጋቢው ይዞ ሲገባ።»
እኔ «የለም፤ በወይራ የታጠነ የወተት ቅል ነው» አልኩ።
ተከራከርን። እሱ ሳይጠጣ አወቀው፤
እኔ ጠጥቼ ተጠራጠርኩ።

አፌ ውስጥ እንደ ሐሜት አቆየሁት፣ ቶሎ እንዳያልቅ።
መጀመሪያ እሳት። ቀጥሎ ማር። ከዚያ ያ ድንኳን፣
እርጥብ ሸራ፣ ቀይ ጭቃ፣
ከዳገቱ «ቁም!» የሚል ድምፅ፣
ዘንግ ይዤ የቆምኩት እኔ፣
ገና በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ጉንዳን እግሬን ሲበላኝ።
ዋጥኩት።

አስካለ ከማድ ቤት መጣች፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፤
ብርጭቆዬን ነጠቀች፤ የቀረውን አንገቷን ወደ ኋላ ዘርግታ
በአንድ ትንፋሽ ጨለጠች፤ ጠብታ የለ፣ ሥርዓት የለ።
ፊቷን አጨማደደች። ቆየች።
«የካቲካላ ታላቅ ወንድም ነው» አለች፤
«ትምህርት ቤት የገባ።»

ባለ ዘንግ ነኝና ልኬት አልተውም፤
ከመተኛቴ በፊት ወረቀቱ ላይ በእርሳስ መስመር አሰመርኩ፤
«ከዚህ በታች የመንገዱ ነው» ብዬ ክዳኑን አጠበቅሁ።

ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቼ ሳየው
ከመስመሩ ሁለት ጣት ወርዷል።
«አስካለ!»

ከጓሮ፣ ጎመን እየቀነጠሰች፣ ቀና እንኳ ሳትል፦
«ምነው?
ሌሊት መንገዱ አልቆ ነበር።»